ኮርኒስ ላይ ያለው ድመት

በቀብሯ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ ከግማሽ ነበር። ከዚያም ውስጥ ግማሹ የእድሩ ምስጋና ነው። አንባቢው ከረባት ያነቀው አንድ ጎልማሳ ነበር። «ለተወሰነ ጊዜም በቴሌቪዥን የልጆች ዝግጅት ላይ አገልግለዋል» አለና ወደሚቀጥለው መስመር ተሻገረ። በቃ። እኔ ጥቁር ሻሼን እስከ ቅንድቤ ስቤ ከኋላ ቆሜ ነበር። ምን አባቴ ልበል? መናገር የነበረበት ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ስለ እሷ አፌን ዘግቼ መኖር ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል።

አሁን አሁን በየስልኩ ፎቶዋን እየተቀባበሉ «ያሳደገችን» የሚሉ ሰዎች አሉ። እንባ የሚመስል ነገርም ከሥሩ ይለጥፋሉ። ከእነሱ ውስጥ ቀብሯ ላይ የመጣ አንድም አላየሁም። ለነገሩ እነሱን ለመውቀስ ምን ሞራል አለኝ? ቢያንስ እነሱ ፊት አልነሷትም።

እትዬ ነበር የምንላት። አንቱ የሚላት ልጅ አልነበረም፣ ራሷ ከልክላ ነበር። አንቱ ካላችሁኝ ጆሮዬ አይሰማም ትል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በዝቅተኛ ወንበር ተቀምጣ፣ ክርና መርፌ ይዛ፣ ሹራብ እየሠራች ተረት ትነግረናለች። ተረት ስታወራ እጇ ይሠራል፤ ልጅ ሲናገር ግን መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ልጁን ታያለች። በዚያ ዘመን ትልቅ ሰው ሥራውን አቁሞ ልጅን ሲያዳምጥ እኔ ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም። ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም የሚመጣው ሁሉ ክንዱን ሽቅብ እየወረወረ የሚዘምር ነበርና፣ የእሷ ግማሽ ሰዓት ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይረጋል።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ቁስቋም በሚወጣው መንገድ ላይ፣ በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የነበረው ሁለት ቦታ ነው፤ የቀበሌው አዳራሽና የባለ ሱቁ ቤት። ባለ ሱቁ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነበር። የሚሰግድበትን ሳሎን ለሰፈሩ ለቆ፣ ከልጅ እስከ አዋቂ ያስገባን ነበር። ደንቡ አንድ ነው፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ዝግጅቱ ሲያልቅ የጫማ ፍለጋው ትርምስ ራሱን የቻለ ሌላ ዝግጅት ነበር።

እትዬ በየሳምንቱ ከአንድ ቀበሌ ስድስት ልጆች ታስመጣለች። ዝግጅቱ በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን ልጅ «ለማን ሰላም ትላለህ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠብቀው ይህቺን ነበር። ሰው ስሙ በቴሌቪዥን ሲጠራ መስማት ቀላል ነገር አልነበረም፤ የተረሳማ ወዮለት። አንድ የታችኛው መንደር ልጅ አክስቱን ዘሎ፣ አክስቲቱ ከእናቱ ጋር ሁለት ወር ተኳርፋለች። ስለዚህ ልጇ የተመረጠላት እናት በመጀመሪያ የምታስጠናው የሰላምታውን ዝርዝር ነው።

የሁሉም እናት ይህን ስታስጠና፣ የእኔ እናት ብቻ ሌላ ነገር አስጠናችኝ።

ወንድሜ ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጣ። ከእኛ ሰፈር ቀድመው ከሄዱት ውስጥ የተመለሰ አልነበረም፣ የተላከ ደብዳቤም አልነበረም። አባዬ ለቀበሌው ልጁ ወደ አገር ቤት፣ ወደ ደቡብ እንደሄደ ተናገረ። እውነቱን ለመናገር አባዬ አልተናገረም፣ እማዬ ናት የተናገረችው፤ አባዬ አጠገቧ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። ወንድሜ ኮርኒሳችን ላይ ነበር። የአቡጀዴው ኮርኒስ ሰው አይችልም፤ አባዬ ከላዩ ጣውላ መትቶለት፣ በቁምሳጥኑ ላይ እየወጣ እዚያ ተኝቶ አምስት ወር ኖረ። ምግቡን በሰማያዊ የቆርቆሮ ሳህን እንሰጠዋለን። ከተገኘ ምን እንደሚሆን ለእኔም ጭምር ተነግሮኛል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ ብሎ የራራልኝ የለም።

እኛ ጴንጤዎች ነን። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በሩ ላይ ሰንሰለት ከገባ ቆይቷል፤ የምንጸልየው እቤት፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። በቤታችን ሥርዓት ሁሉንም ሰው በየስሙ እየጠራች የምትጸልየው ትንሿ ልጅ ናት፤ እኔ ማለት ነው። ዓይን ይጨፈናል፣ እጅ ይታጠፋል፣ ከዚያ በተራ፦ አባዬ፣ እማዬ፣ እህቴ፣ አገር ቤት ያለችው ዓይነ ስውር አክስቴ፣ ባለ ሱቁና ቤተሰቡ፣ በመጨረሻ ኮርኒስ ላይ ያለው ወንድሜ። አንድ ሰው ከዘለልኩ አባዬ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። የተዘለለ ሰው ያለ ጥበቃ ያደረ ነው የሚመስለኝ፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ እስከ ዛሬም ይመስለኛል።

የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር መጥታ ልጅሽ ለቴሌቪዥን ተመርጣለች ስትላት የእማዬ ፊት ዐመድ መሰለ። እንቢ ማለት አይቻልም። እንቢ ያለ ሰው ለምን እንቢ እንዳለ ይጠየቃል፣ ጠያቂዎቹ ደግሞ እቤት ድረስ ነው የሚመጡት። ስለዚህ እልል አለችና ሦስት ቀን ሙሉ አስጠናችኝ። ወንድምሽ የት ነው ብለው ቢጠይቁሽ? አገር ቤት ሄዷል። መቼ ሄደ? ክረምት ሳይገባ። ወንድሜ ራሱ ከላይ ሆኖ እንደ ካድሬ ድምፁን አወፍሮ ይጠይቀኛል፤ በትክክል ስመልስ ጣውላውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርግልኛል። አባዬ ጥናቱ ሲጀመር ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ልጁ ውሸት ስትማር መስማት አልቻለም።

ስለ ሰላምታው ግን ማንም አላሰበም። በሰፈሩ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ የምታስጠናውን ነገር፣ እኛ ቤት ያለው የተማረ ሰው ሁሉ ረሳው።

እትዬ ስቱዲዮው በር ላይ ቆማ ተቀበለችን። አንገትጌዬን አስተካከለችልኝ። የምትሠራው ሹራብ በባለ ሱቁ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነው፤ እኔ ቀይ ነው እያልኩ ከእህቴ ጋር እከራከር ነበር። ጎመን የመሰለ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ከመብራቱ ሙቀት የተነሣ አንዱ ልጅ አለቀሰ፣ እሷም የፈራ ሰው መርፌዎቼን ይይ አለችን። ተረቱን ስታወራ አንድ ቃል አልሰማሁም። ወንድምሽ የት ነው የሚለው ጥያቄ መቼ ይመጣል እያልኩ ነበር የተቀመጥኩት።

ሰላምታው ሲደርስ አምስተኛዋ እኔ ነበርኩ።

«አንቺስ የኔ ቆንጆ፣ ለማን ሰላም ትያለሽ?»

መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችኝ። የቤተሰቤን ሰዎች በተራ ጥሪ ስባል እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እጄን አጠፍኩ። ለአባዬ፣ ለእማዬ፣ ለእህቴ፣ አገር ቤት ላለችው አክስቴ፣ ለባለ ሱቁና ለቤተሰቡ፣ ኮርኒስ ላይ ላለው ወንድሜ አልኩ። ማንንም አልዘለልኩም። ዓይኔን የገለጥኩት ስቱዲዮው ጭጭ ስላለ ነው።

እትዬ ገባት። ፊቷ ላይ አየሁት፤ ክው አለች። የምታውቀው ነገር ነዋ፣ የጉለሌ ሰው አይደለች፣ ቤቷ ከእኛ በታች፣ ከአዲሱ ገበያ ጀርባ ነው፤ ስንት ቤት ስንት ኮርኒስ እንዳለው ሳትሰማ አትቀርም። ከዚያ ሳቀች።

«አሃ፣ ድመቱን ነው! ይቺ ልጅ ድመቷን ወንድሜ ነው የምትለው። ቅድም አጫውታኛለች።»

እኔ ደግሞ የአባቴ ልጅ። «ድመት አይደለም» አልኳት።

ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። ሰው እየሰመጠ ገመድ ሲወረወርለት ገመዱን ይመልሳል? እኔ መለስኩ። ውሸት አይወራም ተብያለሁ፤ የተፈቀደልኝ አንዲት ውሸት ብቻ ነበረች፣ እሷም አገር ቤት ሄዷል የምትለዋ ነበረች፣ ለዚያ ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም።

እትዬ በዚህኛው አልደነገጠችም። አዎ፣ ድመት ሲሉት ይቆጣል አለች ለሌሎቹ ልጆች፣ ልጆቹ ሳቁ። ወዲያው መርፌዋን አነሣችና ሌላ ተረት ጀመረች፤ ስድስተኛው ልጅ ሰላምታውን ሳያቀርብ ቀረ። አንድ ድመት ነበረ አለች። ጭቃ ስለሚጠላ ኮርኒስ ላይ ይኖር ነበር። አንድ ቀን እህቱ ሳታስበው ለመንደሩ ውሻ ሁሉ ድመቱ የት እንዳለ ተናገረች። ውሾቹም ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው መምጣት ጀመሩ። አሁን ድመቱ ምን ያድርግ ልጆች? ይውረድ አሉ ልጆቹ። የት ይሂድ? ጫካ አሉ። በሉ እቤት ያላችሁትም አብራችሁን በሉ አለችና ቀጥ ብላ ካሜራውን አየች።

«ውረድ ድመት። ሩጥ ድመት።»

ሦስት ጊዜ አስባለችን። ከካሜራው ጀርባ ማዳመጫ ያጠለቀ ሰውዬ በእጁ አንገቱን እየገዘገዘ ቁረጪው ይላታል፣ እሷ ወደ እሱ አትዞርም። ውሾቹ ወንዝ ሲሻገሩ፣ መንገድ ሲጠፋቸው፣ በአጥንት ሲጣሉ፣ ተረቱ አያልቅም። እጇ ይሠራል፤ እኔ ግን ከአጠገቧ ነበርኩና አይቻለሁ፣ መርፌዋ ክር አልነበረውም።

ባለ ሱቁ ቤት የሆነውን እማዬ በኋላ ነው የነገረችኝ። ኮርኒስ የምትለው ቃል ከአፌ ስትወጣ ሳሎኑ በሙሉ ዞሮ አያት። ባለ ሱቁ ብቻ አልዞረም፤ ተነሥቶ ሳልና ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ልጆቹን ዝም በሉ፣ ተረት ነው አላቸው። እማዬ ከዚያ ሁሉ ጫማ መሐል የራሷን ማግኘት አልቻለችም። አንድ እግሯን በወንድ ጫማ፣ አንድ እግሯን በልጅ ሸራ አድርጋ ነበር ሽቅብ የሮጠችው። ወንድሜን አወረደችው። የጎረቤት ነጠላ አጣፍታ አለበሰችው፤ ዕድሜውን ሙሉ ታቦት ተሳልሞ የማያውቅ ጴንጤ፣ ማርያም ሊስም እንደሚሄድ ሰው በቁስቋም በኩል አልፎ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባ። እትዬ ተረቱን ስትጨርስ እሱ ጫካ ደርሶ ነበር።

የቀበሌው ሰዎች የመጡት እኔን የጫነችው መኪና በር ላይ ስታወርደኝ ነው። አቡጀዴውን ቀደዱት። ጣውላው ወረደ፤ ሰማያዊው ሳህን ከላይ መጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ። አንደኛው አንሥቶ ለአባዬ አሳየውና ድመታችሁ በሳህን ነው እንዴ የሚበላው አለው። አባዬ እኔን አየኝ። አዎ አለ። በሕይወቴ ከአፉ የሰማሁት ብቸኛ ውሸት ይህ ነው። ዐሥራ አንድ ቀን አስረው ለቀቁት፤ ከወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ጸሎት መምራት እንቢ አለ፣ አፌ ቆሽሿል ይል ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በእትዬ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ነበር፣ ስለ ምርት የሚያዘምር ወጣት። እዚያ የሚሠራ የባለ ሱቁ ደንበኛ ለባለ ሱቁ እንደነገረው፣ ሰብስበው ጠይቀዋታል። ድመት ነው ብላለች። ልጅቷ ድመት አይደለም ስትል አገር ሰምቷል ሲሏት፣ ሕፃን ናት፣ ድመቷን ትወዳለች ብላለች። ጽፈሽ ፈርሚ አሏት፣ ፈረመች። አላሰሯትም፣ ሥራ ፈት ድመት እያወራች ልጆችን አሰነፈች ብለው ከዝግጅቱ አነሷትና ካሴት መጋዘን አስገቧት። ዳግመኛ ልጅ ፊት አልቀረበችም። የሰፈሩ ልጆች ግን ውረድ ድመት፣ ሩጥ ድመት እያሉ ለወራት ተሯሯጡበት።

እማዬ ትእዛዝ አወጣች። ያቺን ሴትዮ አታውቋትም፣ አላያችኋትም። ሰላም ካልናት ተግባብታችሁ ነበር ይሉናል፣ እሷም ትጠፋለች፣ እኛም እንጠፋለን። ምክንያቱ እውነት ነበር፣ አልክድም።

አንድ ቀን አዲሱ ገበያ፣ አውቶቡሱ ከሚቆምበት አጠገብ ፊት ለፊት ተገናኘን። በዘንቢል ድንች ይዛ ነበር። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ አፏ ተከፈተ፤ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር እንዳለ ማንም ያውቃል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ግን ትልቅ ሰው ፊት ሲነሳ እንዴት እንደሚነሳ ከእማዬ ተምሬ ነበር። ዘንቢሏን ወደ ሌላ እጇ አዛወረችና አለፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛን ከሩቅ ስታይ ራሷ መንገዱን ትሻገራለች። ፊት ከመንሳት እንድናርፍ ብላ። ይህን ያወቅኩት አድጌ ነው፤ ያን ጊዜ ኮራችብን ብያለሁ።

መንግሥት ተለወጠ። ከእንጦጦ ጫካ በሌሊት ወጥቶ ወደ ደቡብ ተሻግሮ የነበረው ወንድሜ መጣ፣ ጢም አብቅሎ፣ ከሲታ ሆኖ፣ ግን በሕይወት። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ሳመው። እኔ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበርና እትዬ ጋ እንሂድ አልኩት። የደርግ ሴትዮ ጋ? አለኝ። እሷ ለማን ሰላም ትያለሽ ብላ ባትጠይቅሽ ኖሮ እኔ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ከብት አልጠብቅም ነበር አለ። ተረቱን አልሰማውም እኮ፤ እሱ ኮርኒስ ላይ ነበር። ብነግረው ብነግረው አልገባውም፤ ወይም መግባቱን አልወደደውም። አባዬ እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ እንዳለ ሞተ። እማዬ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ ትል ነበር። መጀመሪያ ፍርሃት ነው ያስቀረን፤ ፍርሃቱ ሲያልፍ ሀፍረት ተተካ፣ እሱ ደግሞ አላልፍ አለ።

እኔስ? እኔ ምንም ምክንያት የለኝም። አንዴ ብርቱካን ገዝቼ በሯ ድረስ ሄጃለሁ። ከውስጥ ስታስል ሰማሁ። የግቢውን በር ሳልነካ ተመልሼ ብርቱካኑን ራሴ በላሁት። ሌላ ጊዜ እላለሁ፣ ለገና እላለሁ፣ ልጄን ስወልድ እላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ፀጉሬ ሸበተ።

በሠልስቱ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ያስታመመቻት የእህቷ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠችና ከየት ነው የምታውቂያት አለችኝ። የሰፈር ሰው ነኝ፣ ልጅ ሆኜ አንዴ ቴሌቪዥን ላይ አቅርባኛለች አልኩ። ሴትዮዋ ቀና አለች። እንግዲያው ስለ አንድ ድመት ታውቂ ይሆን አለችኝ።

እትዬ በመጨረሻዎቹ ወራት ሰው አታውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመሽ ግን ትነሣና ድመቱ ወረደ ወይ፣ ዳነ ወይ እያለች ትጠይቃለች። አንዲት ልጅ መጥታ ትነግረኛለች ብላ ወንበሯን ወደ በሩ ታስዞራለች። የእህቷ ልጅ ቢጨንቃት ከጎረቤት ግልገል ድመት ለምና ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። እትዬ ድመቱን በቀስታ አንሥታ መሬት ላይ አወረደችው። ድመት አይደለም አለቻት።

ግልገሉ ድመት አድጎ፣ እኛ በተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ሥር ተኝቶ ነበር።

«ድኗል» አልኩ። «ሦስት ልጆች ወልዷል።»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔም ተነሥቼ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ፤ ከእሷ በር እስከ እኛ በር በእግር ዐሥር ደቂቃ ነው።